የቅንጣት የሞገድ ርዝመት የሚያሰላው አፕ፦ ለቀርፋፋው ጎበዝ፣ ለፈጣኑ አሳሳች

ከመጀመሪያው ልናገር። ይህን አፕ ወድጄዋለሁ። ግን ለፊዚክስ ተማሪ "በቃ አውርደህ ተጠቀምበት" ብዬ ዝም ብዬ አልሰጠውም። ምክንያቴ አንድ ነው፤ መልሱን ሲሰጥ ምን ታሳቢ አድርጎ እንዳሰላ አይናገርም። የሚንቀሳቀስ ቅንጣት የሞገድ ርዝመት ሲሰላ ደግሞ ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ታሳቢው ውስጥ ነው። ቀመሩን ማንም ያውቀዋል። ቀመሩ እስከ የት እንደሚሠራ ነው የሚያስቸግረው።

ስሙን አልጠቅስም። ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸው ሌሎች አፖችና ድረ ገጾችም ሞልተዋል፤ ስለዚህ እዚህ የምጽፈውን በእጃችሁ ባለው ላይ ሞክሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅንጣት ትመርጣላችሁ፦ ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶን፣ ኒውትሮን፣ አልፋ (የሂሊየም አቶም ኒውክሊየስ)፣ ወይም መጠነ ቁሱን ራሳችሁ የምታስገቡለት ሌላ ነገር። ቀጥሎ ፍጥነቱን፣ ወይም የእንቅስቃሴ ጉልበቱን፣ ወይም የተገፋበትን ቮልቴጅ፣ ወይም የሙቀት መጠኑን ትሰጡታላችሁ። እሱ የሞገድ ርዝመቱን ያወጣል። ከጀርባው ያለው ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 በዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ የፕላንክን ቋሚ ለሞመንተም (ለቀርፋፋ ቅንጣት መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ) ማካፈል። ብርሃን የሞገድም የቅንጣትም ጠባይ ካለው ኤሌክትሮንስ ለምን አይኖረውም አለ፣ በዚህም በ1929 ኖቤል ተሸለመ።

አንድ መስመር ለሆነ ስሌት አፕ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። ቁጥሮቹን በእጁ ያልነካ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። የፕላንክ ቋሚ 6.626×10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ነው። የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ 9.109×10⁻³¹ ኪሎ ግራም። እነዚህን በተራ የስልክ ካልኩሌተር ስትነካኩ አንድ የመቀነስ ምልክት ከጠፋችባችሁ መልሱ ከቢሊዮን ጊዜ እጅግ በላይ ይሳሳታል፣ እናንተም አታውቁትም። ተማሪዎች ፈተና ላይ ነጥብ የሚጥሉት ፊዚክሱ ስለጠፋባቸው ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ አፕ ያስፈልጋል። አልከራከርም።

አሁን ወደ ሙከራው። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሜትር የሚሄድ ኤሌክትሮን ሰጠሁት። 0.727 ናኖሜትር አለ። ልክ ነው። ከመልሱ በላይ የወደድኩት ግን "ደረጃዎቹን አሳይ" የሚለውን ቁልፍ ነው። ስትነኩት ስክሪኑ ወደ ታች ይዘረጋና መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ሲያባዛ፣ ሞመንተሙን 9.109×10⁻²⁵ ብሎ ከነመለኪያው ሲያስቀምጥ፣ ከዚያ የፕላንክን ቋሚ ለእሱ ሲያካፍል፣ በመጨረሻም ሜትሩን ወደ ናኖሜትር ሲቀይር ታያላችሁ። እያንዳንዱ መስመር ላይ መለኪያው አለ፣ አንዱም አልተዘለለም። ብዙ መጻሕፍት እንኳ ይህን አያደርጉም፣ "ስለዚህ" ይሉና መልሱ ላይ ዘለው ይወጣሉ። ይህን ገጽ የሠራው ሰው አስተምሮ ያውቃል ብዬ አስባለሁ።

ቀጥሎ ታሪክ ያለው ቁጥር ሞከርኩ፤ 54 ቮልት። ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ጀርመር በ1927 ኤሌክትሮኖችን በዚህ ቮልቴጅ እየገፉ በኒኬል ክሪስታል ላይ ሲያስወነጭፉ፣ ኤሌክትሮኖቹ 50 ዲግሪ ላይ ተሰብስበው ተገኙ። የኒኬሉ አቶሞች ረድፍ 0.215 ናኖሜትር ይራራቃል። ከዚህና ከማዕዘኑ የሚወጣው የሞገድ ርዝመት 0.165 ናኖሜትር ነው። የደ ብሮይ ቀመር የሚሰጠው ደግሞ 0.167። አፑም 0.1669 አለኝ። ስታስቡት ይገርማል። አንድ ሰው በወረቀት ላይ ያካፈለው ቁጥርና በብረት ላይ የተለካው ማዕዘን እንዲህ ተቀራርበው መገኘታቸው እኔን ዛሬም ያስደስተኛል። አፑ እንዲህ ያሉ ታዋቂ ሙከራዎችን በዝግጁ ምሳሌነት ቢያስገባ ኖሮ ግማሽ ኮከብ እጨምርለት ነበር።

እስካሁን ሁሉም ሸጋ ነው። አሁን ወደሚያስቆጨኝ ልግባ።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሰው ቮልቴጁ 54 አይደለም። 100 ሺህ፣ 200 ሺህ፣ 300 ሺህ ቮልት ነው። 300 ሺህ አስገባሁ። አፑ ምንም ሳያቅማማ 2.24 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የናኖሜትር ሺህኛ ነው) አለ። ትክክለኛው 1.97 ፒኮሜትር ነው። ወደ 14 በመቶ ስቷል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ በቀይ ይሰመርበታል፤ አፑ ላይ ግን በአረንጓዴ ሳጥን ውስጥ፣ በአራት አሃዝ፣ ፍጹም እርግጠኛ ሆኖ ተቀምጧል።

የባሰው "ደረጃዎቹን አሳይ" ስትሉ ነው። መካከል ላይ የኤሌክትሮኑን ፍጥነት ያወጣል፣ እዚያ መስመር ላይ በሰከንድ 3.25×10⁸ ሜትር ይላል። የብርሃን ፍጥነት 2.998×10⁸ ነው። እንግዲህ አፑ ኤሌክትሮኑን ከብርሃን አስቀድሞ አስሮጠው፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀይ ምልክት የለ፣ ምንም። በ300 ሺህ ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን ትክክለኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.33×10⁸ ሜትር ገደማ ነው፤ ከብርሃን 78 በመቶው መሆኑ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አፑ የእንቅስቃሴ ጉልበትን ሁልጊዜ "የመጠነ ቁስና የፍጥነት ካሬ ብዜት ግማሽ" በሚለው በአሮጌው ቀመር ስለሚወስደው ነው። ቀርፋፋ ለሆነ ነገር ይህ ቀመር ችግር የለበትም። ቅንጣቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ግን የአንስታይን አንጻራዊነት ይገባል፣ ሞመንተሙም አሮጌው ቀመር ከሚለው በላይ ይሆናል። ሞመንተሙ ከበለጠ የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል። ለዚህ ነው ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ከአፑ መልስ አጠር የሚለው።

መቼ ነው መጠንቀቅ ያለብን የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "አንጻራዊነት ለትልልቅ ማሽኖች ነው" ብሎ ያልፈዋል። ለኤሌክትሮን ስህተቱ 1 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው 20 ሺህ ቮልት ላይ ነው። 50 ሺህ ላይ 2.4 በመቶ ይሆናል። 100 ሺህ ላይ አፑ 3.88 ፒኮሜትር ይላል፣ ትክክለኛው 3.70 ነው፤ ስህተቱ 5 በመቶ ገደማ። 200 ሺህ ላይ 2.74 ይላል፣ ትክክለኛው 2.51። ቮልቴጁ ሲጨምር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ለፕሮቶን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ስለሚከብድ 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት 1 ኤሌክትሮን ቮልት ነው) ብትሰጡት እንኳ ዘና ብሎ ነው የሚሄደው፣ አፑም 28.6 ፌምቶሜትር (የፒኮሜትር ሺህኛ) ብሎ ልክ ይመልሳል። ስለዚህ መታየት ያለበት ጉልበቱ ብቻውን አይደለም፤ ጉልበቱ ከቅንጣቱ የዕረፍት ጉልበት፣ ማለትም ሳይንቀሳቀስ በመጠነ ቁሱ ብቻ ካለው ጉልበት፣ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለኤሌክትሮን የዕረፍት ጉልበቱ 511 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ለፕሮቶን 938 ሚሊዮን። አፑ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቢያውቅና ቢያነጻጽር ማስጠንቀቂያውን በአንድ መስመር ኮድ ማውጣት ይችል ነበር። ይህን ነው የማልረሳለት።

ፍጥነት በቀጥታ ስታስገቡም ያው ነው። በሰከንድ 4×10⁸ ሜትር ብዬ ጻፍኩለት፣ ተቀበለኝ። መልስም ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ኤሌክትሮን የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ጀማሪ ተማሪ ዜሮ አብዝቶ ቢጽፍ አፑ ሊያቆመው ይገባል፣ ለዚህ እኮ ነው መሣሪያ የምንይዘው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የሙቀት ሳጥኑ ላይ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ቅንጣትና ሙቀት ትሰጡታላችሁ፣ የሞገድ ርዝመት ይመጣል። ኒውትሮንና 293 ኬልቪን ሰጠሁት። 0.147 ናኖሜትር አለ። ኒውትሮን ላይ የሚሠሩ ሰዎች ወዲያው ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣ ምክንያቱም እነሱ የለመዱት ቁጥር 0.18 ናኖሜትር ነው፤ በሰከንድ 2200 ሜትር የሚሄድ፣ ጉልበቱ 0.0253 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ኒውትሮን። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። አንዱ ጉልበቱን የቦልትዝማን ቋሚ (ሙቀትን ወደ ጉልበት የሚቀይረው ቁጥር) በሙቀት ሲባዛ ብሎ ይወስዳል፣ ሌላው የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም አማካዩን የእንቅስቃሴ ጉልበት። ሁለቱም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። አፑ ሁለተኛውን መርጧል፣ ግን አልነገረንም። ተማሪው የመጽሐፉ መልስ 0.18 ሆኖ አፑ 0.147 ሲለው የቱን ይመን? እዚህ ደረጃዎቹን ለማየት ብትነኩ እንኳ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ አይታይም፣ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ሌላው ቦታ ላይ እንደዚያ በጥንቃቄ የተሠራ ገጽ እዚህ ለምን እንደተተወ አልገባኝም።

ሦስተኛው ትላልቅ ነገሮች ላይ ነው። አስተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሰጡት ጥያቄ አለ፤ የተመታ ኳስ የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው? 0.43 ኪሎ ግራምና በሰከንድ 25 ሜትር አስገባሁ። አፑ "0.0000 ናኖሜትር" አለ። ይህ መልስ ጥያቄውን ይገድለዋል። ትክክለኛው 6.2×10⁻³⁵ ሜትር ነው፤ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ። የጥያቄው ቁም ነገር ይህ ነው። ኳስም ቀመሩ ይሠራለታል፣ ሞገዱ ግን የሚለካው ነገር እስኪጠፋ ድረስ ያንሳል፣ ኳስ ሲታጠፍና ሲበተን የማናየው ለዚህ ነው። ዜሮ ስትሉት ግን ኳሱ ጭራሽ ሞገድ የለውም ብላችሁ አስተማራችሁ ማለት ነው። መፍትሔው ደግሞ ምንም አያስከፍልም፣ መልሱ ሲያንስ በአሥር ኃይል መጻፍ ብቻ። በቅንብሩ ውስጥ ፈልጌ እንዲህ የሚያደርግ ምርጫ አላገኘሁም።

በኤሌክትሮንና በኳስ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ላይም ትንሽ ያስቸግራል። በ1999 የቪየና ተመራማሪዎች 60 የካርቦን አቶሞች ያሉትን ሞለኪውል፣ ፉለሪንን፣ በቀጭን ቀዳዳዎች ረድፍ አሳልፈው የሞገድ ጠባይ እንዳለው አሳይተዋል። ይህ ከኳንተም ሙከራዎች ሁሉ ልቤ ውስጥ የገባው ነው። አንድ ኤሌክትሮን አይደለም፣ ሙሉ ሞለኪውል ነው። በአፑ ልሞክረው ስል መጠነ ቁሱን በኪሎ ግራም ብቻ ነው የሚቀበለው። 720 የአቶም መለኪያ ብዬ ማስገባት አልቻልኩም፤ ራሴ በ1.6605×10⁻²⁷ አባዝቼ 1.196×10⁻²⁴ ኪሎ ግራም ማለት ነበረብኝ። ፍጥነቱን በሰከንድ 220 ሜትር ስሰጠው 2.5 ፒኮሜትር አለኝ፣ ልክ ነው። ግን ያን ማባዛት እኔ ከሠራሁት አፑ ከሥራው ግማሹን ለእኔ ተወው ማለት ነው።

ስለ ፎቶን አንድ ነገር። ዝርዝሩ ውስጥ ፎቶን የለም፣ እና ተማሪ መጠነ ቁስ ላይ ዜሮ ብሎ ሊሞክር ይችላል። አፑ "ስህተት" ብሎ ይቆማል። መቆሙ ጥሩ ነው፣ ግን ለምን እንደቆመ ቢናገር ይሻላል። ለብርሃን ሞመንተሙ የሚገኘው ጉልበቱን ለብርሃን ፍጥነት በማካፈል ነው፣ በመጠነ ቁስ በኩል አይደለም። ልዩነቱ ደግሞ የትየለሌ ነው፤ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን የሞገድ ርዝመቱ 1240 ናኖሜትር ሲሆን፣ ያንኑ ጉልበት የያዘ ኤሌክትሮን ግን 1.23 ናኖሜትር ነው። ሺህ ጊዜ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከብርሃን ማይክሮስኮፕ የሚበልጥበት መነሻ እዚህ አለ፣ ምንም እንኳ በተግባር የማይክሮስኮፑ ጥራት የሚወሰነው በሞገድ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን በሌንሶቹ ጉድለት ጭምር ቢሆንም።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ ግን አለው፣ ደግነቱ ስሌቱ ላይ አይወጣም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጁልና ኤሌክትሮን ቮልትን መቀያየሪያው ፈጣን ነው፣ እስካሁን ሲስት አላየሁትም። የፕላንክን ቋሚ በአራት አሃዝ ብቻ ነው የሚወስደው። ከ2019 ጀምሮ ቁጥሩ 6.62607015×10⁻³⁴ ተብሎ በስምምነት ስለተቆረጠ ሙሉውን ቢያስገቡ ያምር ነበር፣ ግን ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ ስለሆነ ለዚህ ነጥብ አልቀንስም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ለሠሪዎቹም ከላይ ያለውን ሁሉ ጽፌላቸዋለሁ፣ አንደኛ ያደረግኩት የ300 ሺህ ቮልቱን ነው። ያን ብቻ ቢያስተካክሉ አራት እሰጣለሁ፣ የሙቀቱን ታሳቢ በግልጽ ቢጽፉና ዜሮውን ቢያነሱ ደግሞ ለማውቀው ተማሪ ሁሉ እኔው ራሴ ነኝ የማስጭነው። አሁን ባለበት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪና ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪ፣ በቀርፋፋ ኤሌክትሮንና በኒውትሮን ፍጥነት ለሚሠራ ሰው፣ ይጠቅማል። ለማይክሮስኮፕ ሥራ ወይም ለቤተ ሙከራ ሪፖርት ግን አትመኑት።

ቀድሞ ስልካችሁ ላይ ካለና ልታጠፉት ካልፈለጋችሁ መልሱን እንዲህ አድርጋችሁ ማረም ትችላላችሁ። ኤሌክትሮኑ የተገፋበትን ቮልቴጅ በሺህ ቮልት ውሰዱ፣ ለ1022 አካፍሉት፣ 1 ደምሩበት፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። የአፑን መልስ ለዚያ አካፍሉ። 300 ሺህ ቮልት ላይ 300 ለ1022 ሲካፈል 0.2935 ነው፣ 1 ሲደመር 1.2935፣ ስኩዌር ሩቱ 1.137፤ 2.24 ለዚህ ሲካፈል 1.97 ይሰጣችኋል። 1022 የኤሌክትሮን የዕረፍት ጉልበት እጥፍ ነው፣ በሺህ ኤሌክትሮን ቮልት። ለፕሮቶን በእሱ ቦታ 1,876,544 አስገቡ።